በአንድ ስም የተፈረሙ ማመልከቻዎች

የማወጋችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለቀ። ያን ቀን ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም። እኔ ግን ጠዋት ከቤቴ እንደወጣሁት ሆኜ አልተመለስሁም። ትምህርት ቤቱን በስሙ አልጠራውም። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ላይ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው ብላችሁ ያዙልኝ። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ወደዚያ ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ያስተማርኋቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ከሁሉም ትምህርት ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት በእኔው በእንግሊዝኛ ነው። ርእሰ መምህሩ አቶ ይበልጣል በመምህራን ስብሰባ ላይ ስሜን ሳይጠሩ፣ ግን እኔን እያዩ፣ «ዘንድሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላይ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ቀነሰ።

በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በየመምህሩ መውጣቱ ቀርቶ ለብዙ ትምህርት ቤቶች በጋራ እንዲወጣ ተወሰነ። የአንዱ ትምህርት ቤት ወረቀት በሌላው ይታረማል። የእንግሊዝኛው የመጨረሻ ክፍል ድርሰት እንደሚሆን ተነግሮናል። ከመጽሐፉ ምዕራፎች ተነሥቼ፣ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ሊመጣ እንደሚችል ገመትሁ።

መጀመሪያ በደንብ ላስተምር ሞከርሁ። አድራሻ የት እንደሚጻፍ፣ ቀኑ የት እንደሚገባ፣ ሰላምታው፣ ምክንያቱ፣ መዝጊያው። ልጆቹ ቅርጹን ያዙ፤ ውስጡን መሙላት ግን አቃታቸው። «ስለ ራሳችሁ ጻፉ» ስላቸው ባዶ ወረቀት ይዘው ያዩኛል። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ተስፋ ቆረጥሁ። አንድ ቀን ጠዋት ገብቼ፣ ለቤተ መጻሕፍት ረዳትነት የሚያመለክት ሙሉ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ሰሌዳ ላይ ጻፍሁላቸው። ግርጌው ላይ የአመልካች ስም ያስፈልግ ነበር። ዞር ስል ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ባንቺአምላክ ዓይኔ ውስጥ ገባች። የክፍሉ አንደኛ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። «ባንቺአምላክ አዳነ» ብዬ ስሟን ጻፍሁ። ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም አፍራ ሳቀች።

«በየስማችሁ ቀይሩት» ያልሁ ይመስለኛል። ማለቴን ግን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ እስከ ፈተናው ድረስ በየቀኑ በኅብረት አስደገምኋቸው፤ እንደ ዳዊት። ትርጉሙን የማያውቁት ሳይቀሩ አንድ ቃል ሳይስቱ ይወጡት ጀመር። ፈተናው መጣ። እንደ ግምቴም የመጨረሻው ጥያቄ «ለመረጣችሁት ሥራ የማመልከቻ ደብዳቤ ጻፉ» የሚል ነበር። ልጆቹ ከፈተና ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። የዚያን ዕለት እኔም ደህና ተኛሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የጥር መጨረሻ ነው፤ ትምህርት ተዘግቷል፣ ተማሪዎቹ በየአውድማቸው ውቂያ ላይ ናቸው። እኔ የውጤት መዝገብ ለመጨረስ ቀርቼ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ይበልጣል አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ አንድ መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ደርድረው ተቀምጠዋል። ፈተናውን ካወጣው ኮሚቴ የተላኩ ናቸው፤ አቶ ሙላው ይባላሉ።

«መምህርት፣ ይቀመጡ» አሉኝ። «እነዚህን ይመልከቷቸው።»

አሥራ ሰባት ወረቀቶች ናቸው። የመጀመሪያውን አነበብሁ። የእኔ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛውን አነበብሁ። የእኔ ደብዳቤ ነው። አንድ ቃል ላይ ሰሌዳው ላይ የዘለልኋት ፊደል እንኳ በሁሉም ላይ ተዘልላለች። ከዚያ ግርጌውን አየሁ። አሥራ ሰባቱም ላይ የተፈረመው አንድ ስም ነው፤ ባንቺአምላክ አዳነ።

ልጆቹ ፊርማውንም አብረው በቃላቸው ይዘውታል።

«ይህች ልጅ ማን ናት?» አሉ አቶ ሙላው።

«የክፍሉ አንደኛ ናት» አሉ አቶ ይበልጣል።

«እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። ጎበዟ ጻፈች፣ ሌሎቹ ተቀባበሉት። ሲቀባበሉ ስሟን መቀየር እንኳ አልታያቸውም። አሥራ ስድስቱን ከየአውድማው ለመልቀም ጊዜ የለኝም። የሚቀረኝ ጥያቄ ብቻዋን ነው ያደረገችው ወይስ ፈተናውን አስቀድሞ ያሳያት ሰው አለ የሚለው ነው። ሰው ካለ ጉዳዩ ከእኛ እጅ ይወጣል፤ ወደ ፖሊስ ነው የሚሄደው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። «ፖሊስ» የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ዘጋሁት። እስቲ ትንሽ ልጠብቅ፣ ነገሩ ራሱ ይጠራል አልሁ በሆዴ። አቶ ሙላው ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ።

«ጽሕፈትዎ ጥሩ ነው ብለውኛል። ቃለ ጉባኤውን እርስዎ ይያዙ።»

በዚህ ዓይነት ጸሐፊ ሆንሁ። ሰብሳቢው አቶ ሙላው፣ አባሉ አቶ ይበልጣል፣ ጸሐፊዋ እኔ።

ባንቺአምላክ አምስት ሰዓት ላይ ከአባቷ ጋር መጣች። ስለ እንግሊዝኛው ፈተና ትፈለጊያለሽ ተብላ ከአውድማ ነው የተጠራችው፤ ፀጉሯ ላይ ገለባ ነበረ። አባቷ ቄስ አዳነ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ በሩ ላይ ቀሩ። እሷ ገብታ ቆመች። የመጀመሪያው እይታዋ ወደ እኔ ነበር።

«ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው?» አሉ አቶ ሙላው፣ አንዱን ወረቀት አንሥተው።

ልጅቷ ወረቀቱን አየች። ከዚያ እኔን አየች። እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርሁ።

«አንዱን እኔ ጽፌዋለሁ።»

«አሥራ ስድስቱንስ?»

«አላውቅም።»

«ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ስምሽ እዚህ ምን ይሠራል? ስሚኝ፣ ልጄ። ይህን ነገር የሰጠሽ ትልቅ ሰው ካለ ተናገሪ። እሱ በፖሊስ ይጠየቃል እንጂ አንቺ ነፃ ነሽ። ከሌለ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል። አንገቴን ሳላነሣ እግሯን ብቻ አያለሁ፤ የላስቲክ ጫማዋ አንዱ ተቀድዶ በክር ተሰፍቷል። አሁን ትናገራለች አልሁ። ተናግራ በተገላገልሁ ብዬም ተመኘሁ።

«ማንም የለም» አለች።

«ደብተርሽ የት አለ? የእንግሊዝኛው?»

«ቤት ነው።»

«እርስዎ መምህርት፣ የሚሉት አለ?»

«ጎበዝ ተማሪ ናት» አልሁ። ያልሁት ይህንን ብቻ ነው። አቶ ሙላውም «እሱማ ነው ያጠፋት» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ውጭ እንድትጠብቅ ተነገራት። ያለችውን ሁሉ በጥሩ ጽሕፈቴ ጽፌ ነበር፤ «ተማሪዋ ለማንም አልሰጠሁም ስትል ክዳለች» ብዬ፣ ልክ እንዳስጻፉኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ተነሣን። እህል አላሰኘኝም። በጓሮ በኩል ልሾልክ ስል ቄስ አዳነ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ባንቺአምላክ ራቅ ብላ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ቆማለች። አልፌ መሄድ ነውር ሆነብኝና ጎንበስ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

«መምህርት» አሉኝ፣ «እስቲ አንቺ አስረጂኝ። ይህ ደብዳቤ የሚሉት ምንድን ነው?»

«የሥራ ማመልከቻ ነው፣ አባ። ሰው ሥራ ሲፈልግ ስለ ራሱ የሚጽፈው።»

«ስለ ራሱ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አሥራ ሰባት ሰው ስለ ራሱ እንዴት አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል?»

መልስ ሳይጠብቁ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ቀጠሉ።

«እኔ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ዜማ ተምሬያለሁ። ዜማ እንደ መምህሩ ነው። አንዲት ምልክት የሳተ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኋላ ቅኔ ቤት ገባሁ። ልጅነት ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ አንድ ቀን የመምህሬን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ የራሴ አስመስዬ አቀረብሁላቸው። አልተቆጡኝም። ‹ይህን እኔ ቆጥሬ ተቀኝቼዋለሁ፤ አንተስ ምን ይዘህ መጣህ?› አሉኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።» ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩ። «ልጄ አጥፍታ ከሆነ ትቀጣ፤ አልለምንላትም። ያላጠፋችውን ተሸክማ እንዳይሆን ብቻ ነው የምፈራው። አትናገርም እሷ፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች። አንቺ መምህሯ ነሽ፣ ታውቂያታለሽ።»

«እሺ፣ አባ» አልሁ። ምኑን እሺ እንዳልሁ አላውቅም። ባንቺአምላክን ቀና ብዬ አላየኋትም፤ እሷ ግን እያየችኝ እንደነበር ጀርባዬ ያውቃል።

የውሃ ቧንቧው ጋ ፊቴን ስታጠብ አቶ ይበልጣል ከኋላዬ መጡ።

«ከቄሱ ጋር ምን ስታወሪ ነበር?»

«ምንም።»

«ሰናይት፣ ስሚኝ። ልጆቹን ስታስደግሚ የቢሮዬ መስኮት ክፍት ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብትናገሪ ሰውየው ‹ፈተናው ቀድሞ ደርሷት ነው› ነው የሚሉት። ማን ያምንሻል? ልጅቷ አንድ ዓመት ብትቆይ ትመለሳለች። አንቺ አንዴ ከወጣሽ አትመለሺም። ትምህርት ቤቱም ስሙ ይጠፋል።»

«አንድ ዓመት ቀርታ የምትመለስ ሴት ልጅ ስንት አይተዋል፣ ጋሼ?»

ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ። እዚህ ላይ ጀግና እንዳልመስላችሁ እፈልጋለሁ። ጥያቄዬን ጠይቄ ሳበቃ የወሰንሁት ዝም ለማለት ነበር። ያሉት ሁሉ እውነት መሰለኝ። እናቴን አሰብሁ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ «ልጄ አስተማሪ ናት» እያለች ስትናገር። ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብዬ ታየኝ። ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ሙላው ሰዓታቸውን አዩ። መንገዱ ክፉ ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መነሣት አለባቸው። ቆመው እየተንጎራደዱ ውሳኔውን ያስጽፉኝ ጀመር።

«ተማሪ ባንቺአምላክ አዳነ በፈተና ሰዓት የራሷን መልስ ለሌሎች ተማሪዎች አሳልፋ በመስጠቷ...»

ጻፍሁ።

«...ውጤቷ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝና ከያዝነው ዓመት ትምህርቷ እንድትታገድ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ጻፍሁ። ጽሕፈቴም አልተበላሸም። እሱ ነው ዛሬም የሚያስገርመኝ።

«አዲስ መስመር» አሉ። «የትምህርቱ መምህርት ወይዘሪት ሰናይት ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቁ መሆኑን አረጋግጠዋል።»

«የትምህርቱ መምህርት» ብዬ ጻፍሁ። «ወይዘሪት ሰናይት» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ስክሪብቶው ቆመ። ስለ ልጅቷ የተባለውን ሁሉ እንደ ጸሐፊ ጽፌ ነበር፤ የሌላ ሰው ቃል ነው እያልሁ። ይህ ግን የእኔ ቃል ነው። በእጄ ጽፌ፣ ከሥሩ ፈርሜ ልሄድ ነው።

«ፈጠንሁ?» አሉ አቶ ሙላው።

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ይህን መጻፍ አልችልም። ውሸት ነው።»

አቶ ይበልጣል ወንበራቸው ላይ ተመቻቹና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ያዙ። እኔ ተነሥቼ ቆምሁ፤ ለምን እንደቆምሁ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሰሌዳውን፣ በኅብረት ማስደገሙን፣ የዘለልኋትን ፊደል፣ ስሟን ግርጌው ላይ የጻፍሁት እኔ መሆኔን። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አቶ ሙላው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈተናውን ከየት አገኙት?»

«አላገኘሁትም። ገመትሁ።»

«ገመቱ።»

«አዎ።»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ተቀምጠው ሲጽፉ ውለው አሁን ገመትሁ ሲሉኝ እንዴት ልመንዎት?»

እውነታቸውን ነው። ማረጋገጫ አልነበረኝም። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው «ልጅቷን ጥሯት» አሉ።

ባንቺአምላክ ገባች። አባቷም ሳይጠሩ ተከትለው ገቡ።

«መምህርትሽ ነገሩን ነግረውኛል» አሏት። «አሁን አንቺ የምትጨምሪው አለ?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አልሰበርሁም።

«ተናግሬያለሁ፣ ባንቺአምላክ» አልኋት። «አንቺም ተናገሪ።»

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሰደደች። ከወገቧ መቀነት ሥር የታጠፈ ደብተር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከጠዋት ጀምሮ ይዛው ነበር።

አቶ ሙላው ገለጡት። ደብዳቤው አለ፤ ፊርማው አለ፤ በገጹ አናት ላይ በእሷ ንጹሕ ጽሕፈት የተጻፈ ቀን አለ። ቀኑን ደጋግመው አዩት። ከቦርሳቸው የራሳቸውን ማስታወሻ አውጥተው አስተያዩ።

«ፈተናውን ለማውጣት የተሰበሰብነው ከዚህ ቀን በኋላ ባለው ሳምንት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያልተጻፈ ፈተና ማንም ሊያገኝ አይችልም።»

ተቀመጥሁ። እሳቸው ግን አላበቁም። ነጭ ወረቀት አንሥተው ለባንቺአምላክ ሰጧት።

«ከደብተር የተሸመደደውን አየሁ። አሁን የራስሽን ልየው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል። አመልክቺ።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የሚያሰኝ አርባ ደቂቃ ነበር። ልጅቷ ጫፉ በተሰበረው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ያላስተማርኋትን ነገር እየተፈተነች ነው። የመኪናው ሾፌር ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋ፤ አቶ ሙላው አልተንቀሳቀሱም። ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው በዝግታ አነበቡ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

ስሕተት የሞላበት ነበር። ግሶቹ ጊዜያቸውን ስተዋል። ነገር ግን እንዲህ ይል ነበር፦ አባቴ ቄስ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን የክርስትና መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሕፃኑን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ቀኑን እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ የሁለት ሕፃናት ስም ተመሳሰለብኝና ሁለት ሰዓት ተጉዤ እናቲቱን ጠይቄ አስተካከልሁ። ስለዚህ በካርድ ክፍሉ የሰው ስም አይጠፋብኝም።

«ምን ይላል?» አሉ ቄስ አዳነ።

ተረጎምሁላቸው። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው «እውነት ነው፣ ሄዳለች» አሉ።

አቶ ሙላው ቃለ ጉባኤው እንዳይቀደድ አዘዙ። «ከሥሩ ይቀጥሉ» አሉኝ። የራሴን ጥፋት በራሴ ጽሕፈት፣ በዚያው ወረቀት ላይ ጽፌ ፈረምሁ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከአሥራ አንደኛ ክፍልም ወደ ዘጠነኛ ወረድሁ። ደብዳቤውን የሸመደዱት ልጆች ሁሉ የድርሰቱን ክፍል እንደገና ተፈተኑ። ብዙዎቹ ወደቁ። አንዳንድ ወላጆች በገበያ ሲያገኙኝ ሰላምታ ነፈጉኝ፤ አልፈረድሁባቸውም። አቶ ይበልጣል እስክዛወር ድረስ ከአስፈላጊ ነገር በስተቀር አላናገሩኝም። ባንቺአምላክ አለፈች።

አሁን የማስተምረው እስቴ ነው። የማመልከቻ ደብዳቤ ትምህርት ሲደርስ ሰሌዳ ላይ ሞዴል አልጽፍም። እያንዳንዱን ተማሪ «ጎረቤትህ ስለ ራሱ ሊለው የማይችለውን አንድ ነገር ንገረኝ» እለዋለሁ፤ በአማርኛ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ ይጨነቃሉ። አንዱ «እኔ በሬ ሲታመም ከሩቅ አውቃለሁ» ይላል፤ እሱን ወደ እንግሊዝኛ እየታገልን እናሻግረዋለን። ጊዜ ይፈጃል። ውጤታቸው ሰማይ አይነካም። ግን ወረቀታቸውን ስሙን ሳላይ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና ስጠብቅ አንዲት ወጣት «ቲቸር» ብላ ከኋላዬ ያዘችኝ። ባንቺአምላክ ናት። ነርስ ሆናለች። ተሳሳምን፣ አባቷን ጠየቅኋት፤ ደህና ናቸው። ከዚያ ለዓመታት ያብሰለሰለኝን ጠየቅኋት።

«ደብተሩን ለምን ደበቅሽው?»

«ፖሊስ ሲሉ ፈራሁልዎት» አለች። «ደግሞ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እያልሁ ነው የቆየሁት። ምሳ ሰዓት ከአባባ ጋር ሲያወሩ አበቃ ብዬ ነበር።» ፈገግ አለች። «ለምን ቆዩ፣ ቲቸር?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ሥራዬ፣ እናቴ፣ ርእሰ መምህሩ። «ፈርቼ» አልኋት። ራሷን ነቀነቀችና ሻንጣዬን አንሥታ እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

ይህን የምታነቡ አንባቢዎቼ፣ «ዘግይቶም ቢሆን መናገርሽ ጥሩ ነው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስነግራቸው እንዲህ ያሉኝ ብዙ ናቸው። አመሰግናለሁ። እናንተም የተናገራችሁት በጊዜው ከሆነ ደግ አደረጋችሁ። እኔ ግን ነገሩን ባሰብሁ ቁጥር የሚታየኝ ስክሪብቶዬን ያቆምሁበት ሰዓት አይደለም። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ደብተሯን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ በእኔ በትልቋ ተስፋ አድርጋ ቆማ ነበር።